ለየትኛው ቃል ነው?

«ሶሪ» የምትለው የእንግሊዝኛ ቃል «ለቃሚው» በሚሉት የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ እጅ የገባችው ሌላ ሰው ስላልፈለጋት ነው። በመዝገበ ቃላት ቤት ሰው የሚሻማው ረጃጅሙንና ባለ ግርማ ሞገሱን ቃል ነው። ረጅም ቃል አንድ ትርጉሙን ይዞ አርፎ ይቀመጣል፣ ማንንም አያስቸግርም። አጭሯና ሰው ሁሉ አፍ ላይ የምትገኘው ግን ወገብ ትቆርጣለች። ስትዞር የኖረች ናትና የት ገብታ ምን እንዳለች፣ ከማን ጋር ምን ሆና እንደዋለች ተከታትሎ መያዝ አበሳ ነው። ዋና አዘጋጇ የ«ኤስ» ፊደልን ቃላት ሲያከፋፍሉ «ሶሪን ማን ይወስዳል?» ቢሉ፣ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ለቃሚው ግን ጥያቄውን ስላልሰማ ፊት ለፊት ያያቸው ነበር። እሳቸው ፈቃደኛ የሆነ መሰላቸው፤ በቃ፣ ደረሰችው።

ቢሮው ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ሦስት ጠረጴዛና እስከ ጣሪያ የተደረደሩ የካርድ መሳቢያዎች አሉ። በሁለተኛው ዋና አዘጋጇ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። በሌሉበት ሠራተኛው «ዳኛዋ» ይላቸዋል፤ ባሉበት ማንም ምንም አይላቸውም። ዳኛዋ ያወጡት አንድ የማይሻር ሕግ አለ። ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ከራስ አይፈጠርም፤ ከሰው አፍ ይሰማል። አዘጋጁ በገዛ ጆሮው የሰማውን ካርድ ላይ ይጽፋል፣ ከሥሩም «ሹፌር፣ ወንድ» ወይም «ነርስ፣ ሴት» ብሎ የተናጋሪውን ሥራና ፆታ ያስቀምጣል፤ ወደ እንግሊዝኛ የሚገለበጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ አዲስ ሠራተኛ «ውሻው አጥንት በላ» የሚል ምሳሌ ጽፎ ቢያቀርብ፣ ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «የማን ውሻ?» አሉት ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሥራ ፈለገ።

ለዚህ ሕግ እንደ ለቃሚው የተፈጠረ ሰው የለም። ስሙን ያወጣለትም ይኸው ነው። አውቶቡስ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ የባንክ ሰልፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ ይለቅማል። አንድ ጊዜ የሰማውን ዓረፍተ ነገር አንዲት ቃል ሳያዛንፍ እስከ ቤቱ ተሸክሞ ይሄዳል። የሚያውቁት ሰዎች ከሩቅ ሲያዩት «ዝም በሉ፣ ጆሮ ጠቢው መጣ!» እያሉ ይሳሳቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ እየሳቀም ይለቅማል።

አሁን ግን ነገር ተበላሽቷል። ነገሩ የጀመረው ስልክ ከቀኝ ወደ ግራ ጆሮው በማዛወር ነው፤ ቀጥሎ ሰው ከቀኙ ሲያወራው ፈገግ ብሎ ማለፍ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ ፈገግታው ቦታው ያልሆነበት ቀን መጣ። አንዱ እናቱ እንደታመመች እየነገረው ለቃሚው ጥርሱን አሳየው። ያን ዕለት ደንግጦ ሐኪም ቤት ሄደ። የጆሮ ሐኪሟ መሣሪያውን ደጋግማ ከፍና ዝቅ አድርጋ ስታበቃ፣ ወንበሯን ወደ ግራው አዙራ ተቀመጠች። ወንበሯን ስታዞር ነው ነገሩ የገባው።

«የቀኙ ሄዷል» አለችው። «የግራውም እየተከተለው ነው። ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፣ ግን ይሄዳል።»

«የሚደረግ መሣሪያ አለ ይባላል።»

«አለ፤ እናዛለን። ድምፅ ያጎላል። ማጥራት ላይ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም።»

ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ እንጀራውን ያስብ ነበር። እሱም አላሰበም አይባልም፤ የማይሰማ ለቃሚ ዳኛዋ ምን ያደርጉታል? ግን የሐኪም ቤቱን ደረጃ እየወረደ ሳለ ከሁሉ ቀድሞ ልቡ ውስጥ የገባው የታላቅ እህቱ ወሬ ነው። የእሷን ወሬ ሳይሰማ ሊደነቁር ነው። ደረጃው መሐል ቆመ፣ ሆድ ባሰውና የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዞ ትንሽ አለቀሰ።

እህቱ ላውንደሪ ቤት አላት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት፤ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አስተምራ ሰው ያደረገችው እሷ ናት። ወሬዋ ደግሞ! ካውያውን ከጨበጠች አፏ አያርፍም ነበር። ጫፉ የተበላ ኮሌታ ይዞ መጥቶ «አዲስ አድርጊልኝ» ስለሚላት ደንበኛ፣ ከኪስ ውስጥ ስለሚገኘው ጉድ፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ሙሽሮች አንድ ዓይነት ሱፍ አምጥተው ስለተቀያየሩበት ቀን፤ እሷ ካወራችው ያልነበረበት ሰው እንደነበረበት ሆኖ ይስቃል። ለቃሚው ሥራውን ሲጀምር ካርዱን የሞላው ከእሷ አፍ ነው። የ«ቢ» ፊደል ግማሹ የእሷ ወሬ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ከሥሩ «የላውንደሪ ባለቤት፣ ሴት» የሚለውን ስታይ በሳቅ ትፈርስ ነበር። «አይ ወንድምዓለም፣ አንተ ብቻ! መጽሐፍ ውስጥ ከተትከኝ እኮ!» ትለው ነበር።

ባሏ የሞተ ጊዜ ግን ሌላ ነገር ነገረችው። ሱቁን ዘግተው ሁለቱ ብቻ ተቀምጠው ነበር። እየተኮሰች አልነበረም፤ እጇ ሥራ ፈቶ ጭኗ ላይ ተጋድሞ ነበር። «የሰው ሁሉ ልብስ አጥባለሁ» አለችው። «የባሌን አንዲት ሸሚዝ ግን ሳላጥብ አስቀምጫለሁ።» ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እሱም ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ቤቱ ሲደርስ ግን ካርድ አወጣ።

«ኪፕ» የሚለው ቃል ያን ሰሞን እጁ ላይ ነበር። ማስቀመጥ፣ መጠበቅ፣ ማኖር፣ ቃል ማክበር፤ እሱም ከነዚያ ከሚያስቸግሩት አጫጭሮች አንዱ ነው። የእህቱ ዓረፍተ ነገር ቦታው ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። ዳኛዋ አንብበው ሲጨርሱ «ይኼ ሰው በእውነት ይሰማል» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ እንደዚያ ያለ ምስጋና የሰማ ሠራተኛ አልነበረም። የመጀመሪያው ቅጽ እስከ «ኬ»፣ ከነተናጋሪዎቹ ሥራና ፆታ ታተመ፣ ትምህርት ቤት ሁሉ ገባ። በቅጹ ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ ምሳሌ አልነበረም፤ ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው። እህቱን አልጠየቃትም። ቢጠይቃት እምቢ እንደምትል ልቡ ያውቅ ነበር፤ ያልጠየቃትም ለዚሁ ነው።

ከዚያ ወዲህ እህቱ አልተቆጣችውም፣ አልተጣላችውም፣ በር አልዘጋችበትም። ሲመጣ ሻይ ትቀዳለታለች፤ «እንዴት ሰነበትክ?» ትለዋለች፤ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ትለዋለች፤ «ዛሬ ደግሞ ሞቅ ይላል» ትለዋለች። በቃ። መጀመሪያ ሐዘኑ ነው ብሎ ነበር። ቆይቶ ግን አንድ ቀን ገና ደጃፉ ላይ ሳለ ከአንዲት ጎረቤት ጋር እንደ ድሮዋ እየተንተከተከች ስታወራ ሰማት። ሲገባ ወሬዋን ከመሐሉ ቆረጠችና «ኧረ ግባ፣ ደህና ነህ?» አለችው። የዚያን ዕለት ገባው። ከእሱ ጋር ስትሆን የማይለቀም ወሬ ብቻ መርጣ ነው የምታወራው። ለእሱ ገለባውን ትሰጠዋለች፤ ፍሬው ለሌላ ሰው ነው። እሱም የገባው መሆኑን አልነገራትም፤ እሷም ያወቀበት መሆኑን እንዳላወቀች ሆነች። ሁለቱም ሻያቸውን ይጠጣሉ።

እንግዲህ «ሶሪ» የመጣችው በዚህ ሁሉ ላይ ነው።

ለቃሚው እንደ ልማዱ ሥራውን ከሥሩ ጀመረ። የቃሏ አመጣጥ ላይ ከጎኑ ከሚቀመጠው ሠራተኛ ጋር ተነታረኩ። ይኼኛው ሠራተኛ «ሊቁ» ይባላል፤ መጽሐፍ ሳይገልጥ መልስ ስለሚሰጥ ነው፣ ግማሹን ጊዜም ይገጥምለታል።

«ምን ያከራክራል?» አለ ሊቁ። «ሶሮው ማለት ሐዘን፣ ሶሪ ማለት ያዘነ። አለቀ።»

«አላለቀም» አለ ለቃሚው፤ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገልጦ እየገፋለት። «ሶሪ የመጣችው ከሶር ነው፤ ከቁስል። ጥንት ሶሪ ነኝ ያለ ሰው አሞኛል፣ ቆስያለሁ ማለቱ ነው። ከሶሮው ጋር ዘመድ አይደሉም። ጎን ለጎን ሲኖሩ መልካቸው ተመሳሰለ እንጂ።»

«እንደ ባልና ሚስት በለኛ!» አለ ሊቁ ሳይሸነፍ።

ዳኛዋ በራፉ ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። «የእነሱ ቃል ስለ ተናጋሪው ነው» አሉ። «እኔ አመመኝ ይላል። የእኛው ‹ይቅርታ› ግን ‹ይቅር› ከማለት ነው፤ ይተውልኝ ብሎ ሌላውን ይለምናል። ሁለቱ እኩል አይመዝኑም። ስትጽፈው ልዩነቱ ይታይ።» ይህን ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ለቃሚው የተናገሩትን ለማግኘት ሊቁን «ምን አሉ?» ብሎ ሁለት ጊዜ አስደገመው፤ ሊቁም በጥርጣሬ አየው።

የቃሏ አገልግሎት ብዙ ነው። ሰው አዝኖለት «ያሳዝናል» ሲል አለች። አልሰማሁም፣ ድገምልኝ ለማለት አለች። ሳያስቀይሙ እምቢ ለማለት አለች። የነተበ፣ የተጎሳቆለ ነገርን ለመግለጽ አለች። ለቃሚው እነዚህን አንድ በአንድ ለቀመ። ካፌ ውስጥ አስተናጋጁ «ሶሪ፣ ኬኩ አልቋል» አለው፤ ፊቱ ላይ ግን የሐዘን ምልክት አልነበረም። መካኒኩ የአንዲት መኪና ሞተር ከፍቶ አይቶ «ይቺማ አንጀት ትበላለች» አለ። ድገምልኝ ለሚለው ብዙ ምሳሌ ነበረው፤ ቀኑን ሙሉ የሚለው እሱ ራሱ ነውና። ግን አዘጋጅ ራሱን አይለቅምም፤ ይኼም ሕግ ነው።

የቸገረው ዋነኛው ነበር፤ ሰው በድሎ የሚላት «ሶሪ»። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ እግሩን ረግጣው ፊቷን ሳታዞር «ሶሪ» አለችው። እሱን ጽፎ አቀረበ። ዳኛዋ ካርዱን መለሱለት።

«ይኼ ይቅርታ አይደለም፤ ክላክስ ነው» አሉት። «መኪናም እንደዚህ ይላል። እውነተኛውን ፈልገህ አምጣ። በድሎ፣ አውቆት፣ በሙሉ አፉ የሚናገር ሰው ይኖራል አይደል በዚህ ከተማ?»

ቢፈልግ አጣ። ሰዉ «ሶሪ»ን እንደ ፍርፋሪ ይበትናታል፤ ቁም ነገር ሲመጣ ግን ወይ ይጮኻል ወይ ዝም ይላል። ለቃሚው ራሱ ዝም ካሉት አንዱ ነበር። ይህን ያህል ሳምንት ስለ አንዲት ቃል ሲጨነቅ ሰንብቶ፣ ቃሏን ለምትገባት ሴት አንድ ቀን አለማለቱ አሳፈረው። ጆሮውም እየሄደ ነው። ነገ ዛሬ ሳይል ሊሄድና ሊላት ቆረጠ። መንገድ ላይ ሳለ ግን አንድ ክፉ ሐሳብ መጣበት፤ ምናልባት እሷ የምትመልስልኝ ነገር ለካርዱ ይሆናል። ሐሳቡን አባረረው። ግን መጥቶ ነበር፤ ይኼን መካድ አይቻልም።

ከሰዓት በኋላ ነው የደረሰው። ሱቁ እንደ ወትሮው በእንፋሎት ታፍኗል። ግድግዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተዘረጋው ብረት ቁጥር የተለጠፈባቸው ሱፎችና ቀሚሶች በላስቲክ ተሸፍነው ተሰቅለዋል፤ ከሥራቸው ትልቁ ማጠቢያ ማሽን ሆዱን እያገላበጠ ያጉረመርማል። እህቱ ከባንኮኒው ጀርባ ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች። አንድ ደንበኛ ኮቱን ተቀብሎ ሲወጣ ጠበቀና ገባ።

«ኧረ ወንድምዓለም! ደህና ነህ?» አለችው።

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«ይመስገን። ሻይ ላድርግልህ?»

«አይ፣ ይቆየኝ።» ከባንኮኒው ፊት ያለችው በርጩማ ላይ ግራውን ወደ እሷ አድርጎ ተቀመጠ። የሚለውን መንገዱን ሁሉ ሲያሰናዳው ነበር፤ አሁን ግን የተሰናዳው ሁሉ ውሃ በላው። «እትዬ» አለ፣ «ይቅር በይኝ።»

እህቱ የእጅጌውን ተኩስ እስከ ጫፉ ጨረሰች። ካውያውን አቆመችው። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ደንበኛን «ለመቼ ይድረስልህ?» እንደምትል ሆና ነው የጠየቀችው።

«ለየትኛው ቃል ነው?»

«ለምንም ቃል አይደለም።»

«አሁን የትኛው ፊደል ላይ ናችሁ?»

ለቃሚው መዋሸት አቃተው። «ኤስ» አለ።

«በኤስ የሚጀምር ይቅርታ አለ?»

«…አለ።»

እህቱ ሳቀች። «ድሮም!» አለች፣ ሸሚዙን ገልብጣ ጀርባውን እየዘረጋች። «እኔ እኮ ምን ነካው ብዬ ደንግጬ ነበር። ስንት ዘመን ዝም ብሎ ዛሬ ምን አስታወሰው እያልኩ። በል አትቸገር፤ ይቅር ብዬሃለሁ ብለህ ጻፍ። ላውንደሪ፣ ሴት።»

ለቃሚው ተነስቶ ከደረት ኪሱ ካርዶቹን አወጣ፤ ከሱሪው ኪስ ሌሎቹን አወጣ፤ እርሳሱንም ከጆሮው ጀርባ አነሳ። ሁሉንም ባንኮኒው ላይ ደረደረላት።

«እኔ ካርዱን ምን አደርገዋለሁ?» አለች። «ጭንቅላትህን ነው ወይ እዚህ የምታስቀምጥልኝ? አንተ እንደሆንክ የሰማኸውን አትረሳ።» ካውያውን አነሳች፣ ደግሞ መልሳ አቆመችው። «አንዲት መምህርት ነበረች» አለች፤ ድምጿ ተለወጠ፤ ያ የሚያውቀው፣ የጠፋው ድምጿ ነበር። «ጥሩ ሴት። ካፖርቷን ልትወስድ መጥታ ‹መጽሐፉ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት አይደል? ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሲያነቡት አለቀሱ› አለችኝ። ደስ ይበላት ብላ እኮ ነው። ከዚያ ‹ሸሚዙን ባየው ቅር ይልዎታል?› አለችኝ።»

«አሳየሻት?»

«አላሳየኋትም። ግን ከዚያ በኋላ ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር እሱ አይመጣልኝም። እሷ ትመጣለች። ክፍሉ ሙሉ ልጅ ይመጣል። አንተ ትመጣለህ።» ሸሚዙን አጠፈች፣ አላማራትም፣ ፈታችው። «አጠብኩት። እንደ ሰው ልብስ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ለሚፈልግ ሰው ሰጠሁት።»

ለቃሚው በርጩማዋ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ይኼን አያውቅም ነበር። ሸሚዙ እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ ያለ ይመስለው ነበር፤ እንዲያውም አንዳንዴ ማታ ማታ ትዝ ሲለው «ቢያንስ እሱ አላት» ብሎ ይጽናና ነበር። በሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ሁሉ አልበቃ አለው፣ ያቺ ከቁስል የመጣች ትንሽ ቃልም አልበቃች። ስለዚህ ይቅርታውን አልደገመውም። የሌላ ሰው ያልሆነ፣ የራሱ የሆነ አንድ ነገር ብቻ ነበረው።

«ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም» አላት።

«ምን?»

«ደንቁሯል። ግራውም እየደነቆረ ነው። ሐኪም ነግራኛለች፤ ቀስ እያለ ይሄዳል ብላ።»

እህቱ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች። «ማን ያውቃል?»

«ሐኪሟ። አሁን ደግሞ አንቺ።»

«ሴትዮዋስ? አለቃህ?»

«ካወቁ የሚያቆዩኝ ምን ይዤ ነው? ለማንም አልነገርኩም። አንቺ ከፈለግሽ ለማንም ንገሪ። ለዚያች መምህርት ንገሪያት። አልቀየምሽም።»

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?»

ለቃሚው እንባው መጣ፤ አልደበቀውም። «ወሬሽን ሳልሰማ እንዳልደነቁር ብዬ ነዋ። ‹ሞቅ ይላል›ን አይደለም። ድሮ የምታወሪልኝን። ካርድ አልፈልግም፣ ሥራውም ቢቀር ይቅር። ወሬሽ ናፍቆኛል፣ እትዬ።»

እህቱ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣችና በኋላው ዞራ በቀኙ ቆመች። የተደራረበ አንሶላ ካለበት ቅርጫት አንዱን አንስታ ማጠፍ ጀመረች። ለቃሚው ፊት ለፊቱ ባለው የማሽኑ ክብ መስታወት ላይ መልኳን አየ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ለራሷ የምታጉረመርም መስሎት ነበር። ልብ ብሎ ሲያይ ግን ታወራለች። እጇን እየወረወረች፣ አንዴ ቅንድቧን እያነሳች፣ አንዴ እንደማፈር ብላ አንሶላውን ወደ አፏ እያስጠጋች፤ ድሮ እንደምታወራው አድርጋ ለዚያ ለማይሰማው ጆሮው ታወራለች። ከማሽኑ ጉርምርምታ በቀር ምንም አይሰማም።

አንገቱን ቢያዞር ይሰማት ነበር። ትንሽ ዘወር ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ወሬ ሳይለቅም አልፎ አያውቅም፤ አንገቱ ራሱ እንደ ልማዱ ሊዞር ቃጣው። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ፣ ወደ ፊት እያየ ተቀመጠ። ወሬዋ የእሷ ነው። አንሶላዎቹ ታጥፈው ተቆለሉ፤ እሷም አወርታ አወርታ ጨረሰች። ኋላ ዳኛዋ «እውነተኛው ይቅርታስ?» ብለው ሲጠይቁት «አላገኘሁም» ነው የሚላቸው፤ እሳቸውም እያጉረመረሙ የአውቶቡሷን ሴትዮ ያሳልፏታል። ስለ ጆሮውም ያን ዕለት ራሱ ይነግራቸዋል። ግን ይኼ ገና ወደፊት ነው።

እህቱ ወደ ግራው ዞረች። «አልሰማህም አይደል?» አለች።

«አልሰማሁም።»

«ምንም?»

«ምንም። ስታወሪ ግን አየሁሽ።»

«ታዲያ ምን አልሽ ብለህ አትጠይቀኝም?»

«ካልነገርሽኝ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?»

እህቱ ከንፈሯን ነከሰች። ወንበር ስባ ግራ ጆሮው ሥር፣ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ ድረስ ተጠግታ ተቀመጠች። በሩን አየት አደረገች፤ ከእንፋሎቱ የተነሳ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መጀመሪያ በሹክሹክታ ጀመረች። ለቃሚው ፊቱን አኮሳተረ። ትንሽ ከፍ አደረገችው። አሁንም ማሽኑ በለጣት።

«የሆቴሉን አንሶላ የሚያመላልሰው ሹፌር አለ አይደል ነው የምልህ!»

«ማን ነው?»

«ሹፌሩ! ረጅሙ! ሚስቱ የሞተችበት!»

«እሺ፣ ምን ሆነ?»

«ላግባሽ አለኝ!»

«ምን አለሽ?»

«ላግባሽ! ላ-ግ-ባ-ሽ ብሎኛል!»

ማዶ ያለው ፀጉር ቆራጭ መላጫ ማሽኑን አጠፋ። ግማሽ ራሱን የተላጨ ደንበኛም በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አደረገ። የገበያ ዘንቢል ያንጠለጠለች አንዲት ሴትዮ ደጃፉ ላይ ደርሳ እግሯ ተተከለ። እህቱ ቀና ብላ አየቻት።

«አንቺ ደግሞ ምን ያቆምሻል? ለወንድሜ ነው የማወራው!» ብላ ፊቷን ወደ ለቃሚው መለሰች። ጉንጯ እሳት መስሏል፤ ድምጿን ግን አልቀነሰችም። «ያበድኩ መሰለኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ! ግን ደግሞ ሳቁ… ሳቁ ደስ ይላል! እስኪ ንገረኝ፣ ምን ልበለው?»

ለቃሚው በርጩማዋን አስጠጋ፣ ግራ ጆሮውንም አዞረላት።

«እስኪ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አላት።